ሰላምታ የማይቀድሙት ጋሽ ኮቺቶ

ደብዳቤው ትምህርት ቤታችን የደረሰው ሰኞ ጠዋት፣ ከሰልፍ በኋላ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ታምራት እንደ ልማዱ ከእጄ ነጠቀኝና መምህራን ማረፊያ ክፍል መሃል ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ነርስ ጋሽ ኮቺቶ ጡረታ ሊወጡ ነው። ዓርብ ከሰዓት በሆስፒታሉ አዳራሽ ሽኝት ስለሚደረግላቸው የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ተጠሪ እንድትገኝ ተጋብዛለች ይላል። ተጠሪዋ እኔ ነኝ።

«ማን? ያ ሰላምታ የማያውቀው ሰውዬ?» አለ ታምራት። «ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ መንገድ ስንተላለፍ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርክ ብሎኝ አያውቅም። መሬት መሬት እያየ እልፍ!»

«ኩራት ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» አለች የባዮሎጂዋ መምህርት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

እኔ ዝም አልኩ። አፌ የማያርፈው፣ በስብሰባ ሁሉ «ቲቸር ሰብለ፣ እባክሽ አጠር አድርጊው» የምባለው እኔ ዝም አልኩ! ጠመኔዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ስሄድ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ በራሴ ተናድጄ ነበር። ስለ ጋሽ ኮቺቶ ሰላምታ እውነቱን ከሚያውቁ ጥቂት የቦንጋ ሰዎች አንዷ ነኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን የራሴን ገመና አብሬ ማውጣት ነበረብኝ። እስከ ዓርብ አራት ቀን ብቻ ቀርቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ያንን መጥፎ ስም ተሸክመው ማንኪራ ወዳለው የቡና መሬታቸው ሊገቡ ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም ናቸው፤ የቦንጋ ዝናብ አይታመንምና ጃንጥላቸው በጠራራ ፀሐይም ከብብታቸው አይወጣም። መንገድ ላይ መርፌ እንደ ጠፋበት ሰው መሬት መሬት እያዩ ነው የሚሄዱት። ክፍላቸው ከገቡ በኋላ ግን ሌላ ሰው! ሳቃቸው ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። ሲያዳምጡ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲደሰቱ ጭናቸውን መታ ያደርጉና ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ፣ ከዚያ «ምን ማለት መሰለሽ» ብለው ራሳቸው ይተረጉሙታል። ጥግ ላይ አንድ የክብደት ሚዛን ነበረቻቸው። ላይዋ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውባታል። «ለምንድነው?» ስላቸው «አበባ መሸከም ትችላለች፣ ሰው ማሳቀቅ ግን አቁማለች» አሉኝ።

እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ቦንጋ በገባሁ በዓመቱ ስሜ «ጾመኛዋ ቲቸር» ሆነ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፌ ውኃ ሳልቀምስ እውላለሁ። ሁዳዴ ሲያልቅም አላቆምም፤ ሰኞና ማክሰኞን ሳይቀር የራሴን ጾም አውጃለሁ። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ በእኔ ይምሉ ነበር። ታምራት እንኳ «ለእኛም ጸልዪልን» ይለኛል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዚያች የኪራይ ክፍሌ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሩን እቀረቅራለሁ። ከዚያ የሚመጣው መብላት ይባል እንደሆነ አላውቅም። አልቀመጥም፤ ጣዕሙ አይሰማኝም፤ ሆዴ በቃኝ ቢልም እጄ አይሰማውም። ዳቦው ያልቃል፣ ቆጮው ያልቃል፣ ወደ ብስኩቱ እሄዳለሁ። ሲያበቃ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ እንደዚያ ራሴን የምጸየፍበት ሰዓት አልነበረኝም። ከዚያ ንስሐ እገባለሁ፣ ንስሐዬም ነገ ጨርሶ ላለመብላት መማል ነው። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያው ነው።

ትል መስሎኝ የትል መድኃኒት ውጫለሁ። ጠበል ተጠምቄያለሁ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ስለ እኔ የተነገረ ይመስለኝና አንገቴን እደፋ ነበር። ብስኩቱን በካርቶን የምገዛው ገበያው አጠገብ ካለው ከእትዬ ሙንተሃ ሱቅ ነው። ወላጆቻቸው ከስልጤ መጥተው ነው እዚህ የሱቅ ሥራ የጀመሩት። «ለጎበዝ ተማሪዎች ሽልማት ነው» እላቸዋለሁ። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ተማሪ በዛልሽ!» ይሉኛል እሳቸው፣ ትክ ብለው እያዩኝ።

አንድ ሐሙስ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ስለ ትሪያንግል እያስተማርኩ ሰሌዳው ዞረብኝ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ። ሐኪሙ መረመረኝ፣ ደም አስወሰደኝ፣ አመጋገቤን ጠየቀኝ። አንድ ሁለቱን ስነግረው ወረቀት ጽፎ «ጋሽ ኮቺቶ ዘንድ ሂጂ» አለኝ።

«እብድ ነኝ እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ነርሶቹ ዞረው አዩኝ።

ጋሽ ኮቺቶ በሩ ላይ ቆመው ይህን ሰምተው ኖሯል። «ግቢ፣ ቲቸር። እብዶች እንዲህ አይጮኹም» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝና ገባሁ። መነጽራቸውን አወለቁ። ስንት ትበያለሽ፣ ምን ትበያለሽ አላሉኝም። «ስትበዪ ብቻሽን ነሽ?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የፈሰሰውን እንባ ተዉት፤ ሶፍት አልቆባቸው የራሳቸውን መሐረብ ሰጡኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ብስኩቱን፣ የተቀረቀረውን በር፣ መሐላውን። ስጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ይሄ ሆዳምነት አይደለም። ስም ያለው በሽታ ነው። ብዙ ሰው ያመዋል፣ ይታከማል፣ ይድናል።»

ስም አለው! ከወንበሬ ልነሣና ልጨፍር ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የእኔ ክፋት የመሰለኝ ነገር ከእኔ በፊት ሰው አሞታል፣ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፣ ስም ወጥቶለታል። እንዲህ ያለ የምሥራች ሆስፒታል ውስጥ ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«መድኃኒቱ ታዲያ ምንድነው?» አልኩ ተስገብግቤ።

«ቁርስ።»

«ቁርስ?!»

«ቁርስ። ከዚያ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። በሰዓቱ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ቢቻል ከሰው ጋር። የቀረውን ቀስ ብለን እዚህ እንነጋገርበታለን። ግን ባዶ ሆድሽን ውለሽ ማታውን መቋቋም አትችዪም። ማንም አይችልም።»

«ጋሽ ኮቺቶ፣ ሁዳዴ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ከጾም ላወጣሽ ሥልጣን የለኝም። የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂና ንገሪያቸው። ግን ግማሹን አይደለም። ለምን እንደምትጾሚ ጭምር።»

ሄድኩ። የንስሐ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ ይሄ የነገርሽኝ ጾም አይደለም፤ ቅጣት ነው» አሉ። «ማን ራስሽን ቅጪ አለሽ? እስክትድኚ ድረስ በጠዋት ብዪ። ሥጋውና ወተቱ ይቅርብሽ፣ እሱ ይበቃል።» መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ሜዳ በሩጫ ነው ያቋረጥኩት።

በማግስቱ ግን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በጠዋት ዳቦዬን ስፈታ ታምራት ዓይኑን አፈጠጠ። «ቲቸር ሰብለ! ጾሙን ፈታሽው?» አለ። «ጨጓራ ነው፤ መድኃኒት ታዞልኝ» አልኩ ሳላስብ። ሁሉም በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። በዚህ አገር ጨጓራ የማይሸፍነው ገመና የለም። ስሜም በጨጓራ ተጠብቆ ሁለት ዓመት ቆየ።

ሰላምታውን ያወቅሁት በዚያው ሳምንት ነው። ጋሽ ኮቺቶ ዘንድ አልቅሼ፣ ስቄ፣ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን መናኸሪያው በር ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ፈገግ አልኩና ጠበቅሁ። አዩኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ እንደ ምሰሶ አለፉኝ! ደሜ ፈላ። በቀጠሮዬ ቀን ገና ሳልቀመጥ «ሰው አይደለሁም እንዴ? እዚህ ቲቸር ቲቸር እያሉ መንገድ ላይ ምነው ናቁኝ?» ብዬ አፈጠጥኩባቸው።

አልተቀየሙም። «ቲቸር፣ እኔ የምን ነርስ ነኝ?»

«የአእምሮ።»

«ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ ቀድሜ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ “ምን ነክቶት ይሆን?” ይባላል። አንቺ ቀድመሽ ሰላም ካልሽኝ በደስታ እመልሳለሁ። ምርጫው ያንቺ ነው።»

«እሺ፣ የማይታከሙትንስ ለምን ያልፏቸዋል?»

ጭናቸውን መታ አደረጉ። «የሒሳብ ሰው አይደለሽ? ጤነኛውን ሰላም ብዬ ታካሚውን ካለፍኩ፣ ያለፍኩት ሁሉ ታወቀ ማለት ነዋ!»

እንዲህ የጠራ ማስረጃ በትምህርቴም አላጋጠመኝም። በዚህ አገር ሰላምታ መንፈግ ሰው ከመስደብ እንደማይሻል ልብ በሉ። የሚስታቸው ወንድም «ኮርቶብኛል» ብሎ እንዳኮረፋቸው ነው። ሠፈራቸው ሲያማቸው ይሰማሉ። ሆኖም ስለ ሥራቸው ለማንም አስረድተው አያውቁም፤ ምክንያቱ ከታወቀ ቀድሞ ሰላም የሚላቸውን ሁሉ ሰው እንደ ታካሚ መቁጠር ይጀምራል ብለው ፈሩ። «የእኔ ስም ቢጎድፍ አያመኝም፤ የእናንተ ቢጎድፍ ግን ያማችኋል» አሉኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ ሰላም አላልኳቸውም። ፈራሁ። ሁለታችንም መሬት መሬት እያየን እንተላለፍ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ሕክምናው እንዴት ነበር ለምትሉ፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነበረው። የተማሪ ደብተር ሰጡኝ፤ ምን እንደበላሁ፣ የት፣ ከመብላቴ በፊት ምን እንደተሰማኝ እንድጽፍበት። እኔ ምን የመሰለ ግራፍ ሠርቼ፣ ግራሙን ሁሉ ደምሬ አመጣሁላቸው። አዩና «ቁጥር የለም» ብለው መለሱልኝ። «ቁጥር ነው ያደከመሽ። ስሜትሽን ጻፊ።» ስሜቴን መጻፍ ከትሪግኖሜትሪ ይከብዳል! ቀስ በቀስ ግን ደብተሩ ነገረኝ፦ ናፍቆት ያለበት ቀን፣ እናቴ ደውላ «መቼ ነው የምታገቢው?» ያለችኝ ቀን፣ ቁርስ የዘለልኩበት ቀን፣ በሩ የሚቀረቀረው ያን ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ ክፉኛ አገረሸብኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄጄ «ሁሉም ፈረሰ» ስላቸው «ሁሉም አይፈርስም። የሚቀጥለውን ምግብ በሰዓቱ ብዪ፣ ሌላ ምንም አታድርጊ» አሉኝ። በዚያ ወር ከአንደበታቸው የወጣው ምክር ይኸው ብቻ ነው፣ በቂ ነበር።

በስድስተኛው ወር «እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ፈቃድሽ ከሆነ ነይ» አሉኝ። እንዳንቺ ያሉ! ሄድኩ። በሩን ስከፍት አራት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዷ እትዬ ሙንተሃ ናቸው።

ተያየን። ፊታቸው እንደ እኔው ደነገጠ። ከዚያ ከንፈራቸው ጥግ ተንቀጠቀጠና፣ «ሽልማቱ እንዴት ነው፣ ቲቸር?» አሉኝ።

«እርስዎስ? ከእኔ የተረፈውን ማን በላው?» አልኩ። ሳቅን! ሆዳችንን ይዘን፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ጋሽ ኮቺቶ መነጽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እያዩን በካፊኖኖ አንድ ነገር አሉ፤ ያን ቀን ግን መተርጎሙን ረሱት። እትዬ ሙንተሃ የእኔን ካርቶን እየሸጡ ስለ እኔ ያውቁ ኖሯል፤ በራሳቸው አይተውት። «እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንቺም እንደ እኔ ትፈሪያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ አብረን እንበላለን። ስማቸውንም እዚህ የጻፍኩት ራሳቸው አዝዘውኝ ነው፤ «ካልጻፍሽው ብስኩት አልሸጥልሽም» ብለው።

እንግዲህ ዓርብ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የጤና ባለሙያው፣ ከዞን ከወረዳ የመጣው፣ የሠፈር ሽማግሌው፣ ለሆስፒታሉ ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ሁሉ አሉ። ቡፌ ተዘርግቷል። ድሮ ቢሆን ቡፌ ሳይ ወይ እሸሻለሁ ወይ ቤቴ ገብቼ እከፍለዋለሁ። ያን ቀን አንድ ሳህን አነሣሁ፣ ቁጭ ብዬ ከሰው ጋር እያወራሁ በላሁ፣ ጠገብኩ። ጠገብኩ! ይህችን ቃል ጤነኛ ሰው ምን ያህል እንደምትጣፍጥ አያውቅም።

ከዚያ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ያዘ። ምስጋናውን ደረደረና በመጨረሻ፣ «ጋሽ ኮቺቶ ሥራ እንጂ ሰላምታ አይወዱም። ዛሬ እንኳ ሲሄዱ ቻው ይበሉን!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኮቺቶም ሳቁ፣ መሬት መሬት እያዩ። በዚህ ስም ሊሸኟቸው ነው ብዬ አሰብኩ። እጄ ሳላዘው ተነሣ።

ማይክሮፎኑ ተሰጠኝ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። ወደ እሳቸው ዞርኩና፣ «ጋሽ ኮቺቶ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩ።

ቀና አሉ። ዓይናቸው «ተይ» ይለኛል።

«ሁለት ዓመት የታከምኩት እዚህ ነው» አልኩ ወደ ሰዉ ዞሬ። «ጨጓራ አልነበረም። ጾመኛም አልነበርኩም። ቀን እርቦኝ እየዋልኩ፣ በር ቆልፌ ራሴን እስክጠላ የምበላ ሰው ነበርኩ። በሽታ ነው፤ ይታከማል፣ ይኸው ቆሜያለሁ። ጋሽ ኮቺቶ መንገድ ላይ ሰላም የማይሉን ንቀውን አይደለም። እሳቸው ሰላም ያሉት ሰው ሁሉ ታካሚ እንዳይባል ነው። የእኛን ስም ሊጠብቁ የራሳቸውን አስረከቡ። እኔ ደግሞ ቀድሜ ሰላም ማለት እየቻልኩ ፈርቼ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ማይክሮፎኑን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ከነጋዴዎቹ ረድፍ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ እትዬ ሙንተሃ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «ጋሽ ኮቺቶ፣ እንደምን ዋሉ!» አሉ፣ ገበያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ከኋላ አንድ የማላውቀው ባለ ዩኒፎርም ሰው ተነሣ። «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽዬ?» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። አንዲት ወጣት ልጅ ያዘለች ሴት ተነሣች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ። ከዚያ የሚነሣውን መከታተል አቃተኝ፤ አንድ ረድፍ በሙሉ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፣ መድረክ መሪው ራሱ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ኮቺቶ» ብሎ እጅ ነሣ። አንዳንዱ ታክሞ ይሆናል፣ አንዳንዱ ወንድሙን አስታሞ፣ አንዳንዱ ስላፈረ ብቻ ይሆናል። አዳራሹ ሰላምታ በሰላምታ ሆነ።

ጋሽ ኮቺቶ ለእያንዳንዱ እየመለሱ፣ እየጨበጡ፣ ትከሻ እየሳሙ ሲዞሩ ቆዩና እኔ ጋ ደረሱ። መነጽራቸው ጉም ለብሷል። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ተነሣው ሕዝብ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ያ የክፍላቸው ሳቅ፣ ካርድ ክፍል የሚሰማው ሳቅ፣ ከሰው ፊት ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

«አየሽ፣ ቲቸር» አሉኝ። «አሁንም ታካሚዬ ማን እንደሆነ ያወቀ የለም!»